የጓሳው ሕግና የቀይ ቀበሮ ዘር

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ሲዘልቁ፣ ጣርማ በር ላይ ከደሴው አውራ ጎዳና የሚገነጠለው መንገድ በመዘዞ በኩል አልፎ ሞላሌ ይገባል፤ ከሞላሌም ወደ መሐል ሜዳ ይቀጥላል። አገሩ ገብስና በግ የሞላበት፣ ዛፍ የሚቸግርበት፣ ቤት በድንጋይ ተክቦ በሣር የሚከደንበት፣ ሰው ከበጉ ጠጉር በፈተለው ባና ብርዱን የሚመክትበት ደጋ ነው። ከዚህ መንገድ በስተ ምሥራቅ፣ የመንዝ አምባ ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ በሚናድበት ገደል አፋፍ ላይ፣ ማረሻ ያልገባበት አንድ ሰፊ ምድር አለ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታውም ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ረዥም ሣር ሲሆን፣ ሣሩም ምድሩም ጓሳ ይባላሉ።

በዚህ ሣር ውስጥ አይጥ እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። በኢትዮጵያም ውስጥ ቢሆን የቀረው በስድስት ደጋዎች ላይ ብቻ ነው፤ እነዚህም ስሜን፣ ሰሜን ወሎ፣ ደቡብ ወሎ፣ መንዝ፣ አርሲና ባሌ ናቸው። ለአቅመ ርቢ የደረሱት ሁሉ ቢደመሩ 500 ያህል ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። የመንዙ ድርሻ ጥቂት አሥርታት ብቻ ነው። ገበሬው ገብሱን ወደ ውርጩ ጫፍ እየገፋ በሚወጣበት፣ እረኛውና ውሻው በማይታጡበት አገር መካከል ይህ ጥቂት መንጋ እንዴት ሊተርፍ ቻለ? የተረፈውስ በቁጥሩ ብቻ ነው ወይስ በዘሩም ጤንነት? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን የመንዝ ታሪክ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ግን የታሪክንና የሒሳብን ትብብር ይጠይቃል።

እንስሳውን ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀርመናዊ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በመጀመሪያ የገለጸው ከስሜን ተራሮች በመሆኑ ሳይንሳዊ ስሙ፣ ካኒስ ሲሜንሲስ፣ የዚያን አገር ስም ይዞ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አንድ ጊዜ ከቀበሮ፣ ሌላ ጊዜ ከጃካል ወገን ሲያደርጉት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የዘር ምርመራ ግን ዝምድናው ከሰሜኑ ዓለም ግራጫ ተኩላ ጋር መሆኑን አመለከተ። በዚሁ አስተሳሰብ መሠረት ቅድመ አያቶቹ ከ100000 ዓመታት ገደማ በፊት ከእስያ በኩል የመጡ ተኩላዎች ናቸው። በዚያ ዘመን የምድር ብርድ ብርቱ ስለ ነበር፣ ዛሬ በተራራ ራስ ላይ ብቻ የሚገኘው ውርጭ ምድር ወደ ታች ወርዶ ደጋውን ከደጋ ያገናኝ ነበር። ከ15000 ዓመታት ገደማ ወዲህ ምድር ስትሞቅ ውርጩ ወደ ላይ ሸሸ፤ ቀበሮውም አብሮ ወጣ። ስለዚህ የመንዝ፣ የስሜንና የባሌ ቀበሮዎች መለያየት በሰው አልተጀመረም። ሰው ያደረገው በተፈጥሮ የጠበበውን በር ጨርሶ መዝጋት ነው።

ወደ መንዝ እንመለስ ቢባል፣ ታሪኩ የሚጀምረው ከሁለት አቅኚ አባቶች ነው። በአገሬው አንደበት እንደሚነገረው አስቦና ጌራ የተባሉት እነዚህ አባቶች በ17ኛው ምዕተ ዓመት ምድሩን ያዙ፤ ድንበራቸውንም በፈረስ ግልቢያ ለዩ ይባላል። የግልቢያው ወሬ እንደ ብዙ የርስት ታሪክ ሁሉ የአፈ ታሪክ ጠባይ አለው። ያስከተለው ሥርዓት ግን አፈ ታሪክ አይደለም። ቀሮ በመባል የሚታወቀው ይህ ሥርዓት ጓሳን የአስቦና የጌራ ተብሎ በሁለት ከፍሎ፣ የእነዚህ አባቶች ተወላጆች የሆኑትን ብቻ ተጠቃሚ ያደርግ ነበር። አንድ ሰው ከጓሳ ሣር ለማጨድ መብት የሚኖረው ትውልዱን ወደ ኋላ ቆጥሮ ከአቅኚው አባት ሲደርስ ነው። መብቱም አጽመ ርስት ይባል ነበር።

በየወገኑ ተጠቃሚው ሁሉ በተሰበሰበበት የሚመረጥ አንድ አለቃ ነበረ፤ አባ ቀራ ወይም አፈሮ ይባላል። ጓሳ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ የሚያውጀው እርሱ ነው። በተዘጋበት ዘመን ማንም ሰው ሣር ሊያጭድ፣ ጭራሮ ሊለቅም ወይም ከብት ሊያሰማራ አይችልም፤ መዘጋቱም እንደ ሣሩ እድገትና እንደ ሕዝቡ ችግር እስከ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ተከታታይ ዓመት ይዘልቅ ነበር። ጥበቃው የተቀጠረ ዘበኛ ሥራ አልነበረም። ተጠቃሚው ሁሉ በየደብሩ ተደልድሎ በተራ የሚወጣበት ግዴታ ነበር፤ ከተራው የቀረና በተዘጋ ጓሳ የተገኘም ብርቱ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። በበጋ ወራት ሲከፈት አጫጁ በማጭዱ ይገባል፣ ከብቱም ይከተላል፤ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል።

ሕጉ የወጣው ለቀበሮ ታስቦ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። የታሰበው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እረኛው ከዝናብ ለሚጠለልበት ገሳና በድርቅ ዘመን ለከብት ግጦሽ ነው። ሆኖም ሣሩ ጥቅጥቅ ብሎ እንዲያድግ የተደረገበት ምድር አይጦች የሚበዙበት ምድር ነው፤ አይጥ የበዛበት ደግሞ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ነው። በጓሳ ለረዥም ጊዜ ያጠኑት ዘለዓለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 ለእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርስቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ዋና ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ በዚያ ያለው የቀበሮ መንጋ የቆየው ሕዝቡ በጋራ ያስተዳድረው በነበረው የሣር ሕግ ጥላ ሥር ነው። (እግረ መንገድ ለማንሣት ያህል፣ በጓሳ ቀበሮው ከጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ሲያድን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ገደማ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት ከአራት አንዱ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ጭላዳዎቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው አጠገቡ ሲግጡ አይሸሹትም፤ እርሱም አይነካቸውም።)

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ አጽመ ርስት ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። ከአዋጁ በፊት ከጓሳ ተከልክሎ የኖረ ብዙ ጭሰኛና ርስት የሌለው ሰው ነበረና፣ አዋጁ ለእርሱ የፍትሕ ቀን እንደ ነበረ አይካድም። ጓሳ ግን ባለቤት የሌለው ያህል ሆነ። በገበሬ ማኅበራት ዘመን ሣሩ ጊዜውን ሳይጠብቅ ታጨደ፤ ለማገዶ የሚሆነው ቁጥቋጦ ተቆረጠ፤ እርሻም ከዳር ዳር መግባት ጀመረ። ጨርሶ እንዳይጠፋ ያደረገው ሕዝቡ ራሱ ነው። በአዋሳኝ ቀበሌዎች ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ የመዝጋትና የመክፈት ልማዱ በአዲስ መልክ ቀጠለ። በዚህ ጊዜ ተጠቃሚነቱ በትውልድ ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ። በ2000ዎቹ ዓመታትም ጓሳ በአማራ ክልል ሕግ መሠረት በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ተብሎ ታወቀ፤ በዚህም የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ከአገሬው ጎን ቆሟል። ይህ የተገኘው ግን በቀላል ዘመን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ መዘዞንና ሞላሌን አዳርሶ ወደ ጓሳ አፋፍ ሲደርስ፣ የመንዝ ሰውም ምድሩም አብረው ተፈትነዋል።

እስከዚህ ድረስ የተባለው የቀበሮው መኖሪያ እንዴት እንደ ተረፈ ነው። የዘሩ ጉዳይ ከዚህ ይለያል።

በሴልና በሴል ተላልፎ የእንስሳውን ጠባይ የሚወስነው ዘረ መል ከአባትም ከእናትም ይወረሳል። ሁለቱ ወገኖች ያወረሱት ልዩ ልዩ ሲሆን አንዱ ጉድለት በሌላው ይሸፈናል፤ አንድ ዓይነት ሲሆን ጉድለቱ ገሃድ ይወጣል። ስለዚህ የአንድ መንጋ የዘር ጤና የሚለካው በውስጡ ባለው የዘረ መል ልዩነት ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የ1994 ጥናት በባሌ ቀበሮዎች ላይ ያገኘው ልዩነት ከሌሎች የውሻ ወገን እንስሳት አማካይ ጋር ሲነጻጸር 46 በመቶ ብቻ ነበር። ይኸው ጥናት በወይብ ሸለቆ ቀበሮዎች ከውሻ ጋር መዳቀላቸውንም አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከ72 ቀበሮዎች በተወሰደ ናሙና የተሠራው ጥናት ደግሞ በተራሮቹ መካከል የሚደረገው የዘር መተላለፍ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። የቀረው ልዩነት በየተራራው ተበታትኖ የተቀመጠ ነው፤ የሸዋና የወሎ ቀበሮዎች ከባሌውም ከስሜኑም የሚለዩበት የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። የመንዝ መንጋ ቢጠፋ የሚጠፋው ከ500 ውስጥ ጥቂት አሥርታት ብቻ አይደለም፤ በባሌ ብዛት የማይተካ የዘር ክፍል አብሮ ይጠፋል።

ይህን የመንዝ ሽማግሌ ከሊቃውንቱ ይልቅ በቅርብ ይረዳዋል። እርሱ ትውልድ ሲቆጥር የኖረው ለሁለት ነገር ነው፤ ከአቅኚ አባቱ ደርሶ ርስቱን ለማስከበርና፣ ልጁን ሲድር ከሙሽራዪቱ ጋር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ሥጋ ዝምድና አለመኖሩን ለማረጋገጥ። በመጀመሪያው ቆጠራ ዝምድና መብት ይሰጣል፤ በሁለተኛው ዝምድና ይከለክላል። ቀበሮውም የራሱ የሆነ መንገድ አለው። በየመንጋው የምትወልደው አንዲት አለቃ ሴት ብቻ ናት፤ የመንጋው ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ አባቷ፣ ወንድሞቿ ወይም ልጆቿ ናቸው። በባሌ በተደረገው ክትትል ከታዩት ርቢዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት የተፈጸሙት ከጎረቤት መንጋ በመጡ ወንዶች ነበር። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን ጎረቤቱ ባዕድ እስከ ሆነ ድረስ ነው። በጓሳ ያሉት ጥቂት መንጋዎች ለብዙ ትውልድ ከአንድ ምንጭ ሲዋለዱ ከኖሩ ጎረቤቱም የአጎት ልጅ ነው።

ነገሩን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ከውጭ አዲስ ዘር በማይገባበት መንጋ ውስጥ በእያንዳንዱ ትውልድ የሚጠፋው የዘረ መል ልዩነት አንድ ሲካፈል ለሚዋለዱት ቁጥር እጥፍ ነው። እዚህ ላይ የሚቆጠረው በዓይን የሚታየው ቀበሮ ሁሉ አይደለም፤ በእርግጥ ዘሩን የሚያስተላልፈው ብቻ ነው። በየመንጋው አንዲት ሴት ብቻ ስለምትወልድ ቁጥሩ ከሚታየው በብዙ ያንሳል። ለምሳሌ የሚዋለዱት 10 ቢሆኑ በየትውልዱ 5 በመቶ ይጠፋል፤ ከአሥር ትውልድ በኋላ የሚቀረው 60 በመቶ ገደማ ነው። 20 ቢሆኑ 78 በመቶ ያህል ይቀራል። የቀበሮ ትውልድ ጥቂት ዓመታት ብቻ ስለሆነ አሥር ትውልድ ግማሽ ምዕተ ዓመት እንኳ አይሞላም። ይህ ጉድለት እንደ ድርቅ ወይም እንደ በሽታ በአንድ ቀን አይታይም። ቀበሮው ያድናል፣ ይወልዳል፣ ከሩቅ ሲያዩትም ጤነኛ ነው። የተሸከመውን ጭነት ለብዙ ዓመት ችሎ እንደ ቆየ፣ ነገር ግን ብረቱ ከውስጥ እንደ ዛገ ድልድይ ነው፤ ጎርፉ እስኪመጣ ማንም አይጠረጥረውም።

ጎርፉ ደግሞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደገናም በ2003 እና በ2008 በባሌ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በተነካባቸው ሸለቆዎች ከሦስት ቀበሮ ሁለቱን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፈጅቷል። ዲስተምፐር የተባለው የውሻ በሽታም ከእርሱ ጋር ተፈራርቋል። ባሌ ብዙ መንጋ ስላለው ሞቱን ችሎ ተነሣ፤ ያንኑ ያህል ሞት በመንዝ ቢደርስ የሚቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚያ የሚወለደው ሁሉ ወንድምና እኅት ይሆናል። በጎጃም የጮቄ፣ በሰሜን ሸዋ የጎሽ ሜዳ፣ በቅርብ ዘመንም የጉና ቀበሮዎች የጠፉት ይህን በመሰለ ብቸኝነት ውስጥ እንዳሉ ነው። ጎሽ ሜዳ ለመንዝ ሰው ሩቅ አገር አይደለም።

የሌላው ዓለም ልምድ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎችን ያቀርባል። በሰሜን አሜሪካ ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው አይል ሮያል ደሴት ተኩላዎች በ1940ዎቹ በበረዶ ላይ ተሻግረው ገቡ፤ በ1980 እስከ 50 ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው ወደቀ፤ በብዙዎቹም ላይ የአከርካሪ አጥንት ጉድለት ታየ። በ1997 አንድ ወንድ ተኩላ ከካናዳ በበረዶ ተሻግሮ መጣ። መንጋው ለጥቂት ጊዜ ተሻሻለ። ነገር ግን ዘሩ እጅግ ስለ በረታ ከግማሽ የሚበልጠው የመንጋው ዘር የእርሱ ሆነና፣ ሁሉም የአንድ አባት ልጆች ሆኑ። በ2016 ሁለት ተኩላዎች ብቻ ቀሩ፤ ከ2018 ጀምሮ 19 ተኩላዎች ከሌላ ስፍራ ተወስደው ደሴቲቱ እንደገና ተሞላች። በፍሎሪዳ ግን ከ30 የማይበልጡ የቀሩት የዱር ድመቶች፣ ፑማ የሚባሉት፣ በ1995 ከቴክሳስ ስምንት ሴቶች መጥተው ከተቀላቀሉ በኋላ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው ሦስት እጥፍ አደገ፤ የልብና የመራቢያ አካል ጉድለታቸውም ቀነሰ። በካናዳና በአሜሪካ ድንበር በሴልከርክ ተራሮች የነበረው የካሪቡ አጋዘን መንጋ ግን ደኑ ተቆራርጦ፣ እርዳታውም ዘግይቶ፣ ጥር 2019 የመጨረሻዪቱ ተይዛ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰደች። ከእነዚህ የሚታየው የአንድ እንግዳ መምጣት እንደማይበቃ፣ እንግዳውም ቁጥሩ ገና ሳያልቅ መምጣት እንዳለበት ነው።

ለመንዝ ቅርቡ እንግዳ ያለው በደቡብ ወሎ ደጋዎች ነው። በመካከሉ የግሼ አምባ፣ ወንጭትና ገባሮቹ የሰነጠቋቸው ጥልቅ ሸለቆዎች፣ ከእነዚህም በላይ ሰው በሰው ላይ የሰፈረበት የገብስ ማሳና የእረኛ ውሻ አለ። ቀበሮ ከውርጭ ምድር ወርዶ ቆላ አያቋርጥም። ስለዚህ ዘር ከዘር የሚገናኝበት መንገድ ካለ በሰው እጅ የሚደረግ ነው፤ ይህም ከወሎ የተያዘ ቀበሮ በመኪና ተጭኖ ወደ ጓሳ መምጣቱ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች አሉ። የአካባቢው ውሾች መከተብ አለባቸው፤ ይህ ሥራ በኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህም ለቀበሮው ራሱ በሥጋ ውስጥ የሚቀርብ ክትባት መሰጠት ተጀምሯል። እንግዳው ቀበሮ ከበሽታ ንጹሕ መሆኑና ዝምድናው መመርመሩም ግድ ነው።

ይህን አስተሳሰብ ለመንዝ ገበሬ ማስረዳት አስቸጋሪ አይሆንም፤ በበጉ ላይ ያውቀዋልና። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ የደብረ ብርሃን እርሻ ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ከበግ አርቢዎች ጋር በሚያካሂዱት ሥራ፣ የተመረጠ አውራ በግ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ በአንድ መንጋ ውስጥ አይቀርም። አርቢዎቹ በጋራ ይመርጡታል፣ በየመንጋው ይዞራል፤ የገዛ ልጆቹን ሳያጠቃ ከሥራ ይወጣል። ለአውራ በግ የተፈቀደው ለቀበሮም ይሠራል።

ከሕጉ በኩል ግን አንድ አዲስ ነገር አለ። ቀሮ ለሦስት ምዕተ ዓመት ጓሳን የጠበቀው ባዕድን በመከልከል ነበር። በ1967 ዓ.ም. በሩ ለሁሉ ሲከፈት ሣሩ ተጎዳ፤ ኮሚቴዎቹ በሩን መልሰው ሲይዙ አገገመ። ስለዚህ የጓሳ ሰው ልማድ ማን እንደሚገባ መወሰንና ለማይገባው መዝጋት ነው። አሁን የሚጠየቀው ከወሎ የሚመጣ፣ ከአስቦም ከጌራም የማይቆጠር፣ ሣር የማያጭድ ባዕድ በጓሳ እንዲሰፍር መፍቀድ ነው። ይህን የሚወስነው የምርምር ድርጅት ወይም አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ብቻ ሊሆን አይገባም። ጓሳን የሚያስተዳድሩት ቀበሌዎች ሸንጎ ተሰብስቦ፣ ከየት፣ ስንት፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ በየስንት ዓመቱ የሚለውን ከሊቃውንቱ ጋር መምከር ይኖርበታል። በሒሳቡ መሠረት በየትውልዱ አንድ ወይም ሁለት የሚዋለድ እንግዳ ቢገባ የዘሩ መጥፋት በአብዛኛው ይገታል፤ ይህም በጠቅላላው በአንድ የጭነት መኪና ላይ ሊጫን የሚችል ቁጥር ነው።